ከአንዲት «እሺ» እስከ በርበራ

እኔ ውሃ እፈራለሁ። ይህን ሳላፍር የምጽፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ባለፈው ሐምሌ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ደረቴን ነፍቼ «ማን? እኔ?» እላችሁ ነበር። ፍርሃቴ ደግሞ ወንዝና ሐይቅ ላይ የሚቆም ጨዋ ፍርሃት አይደለም። እስከ አፉ የሞላ በርሜል ሳይ መንገዴን እቀይራለሁ። ገላዬን የምታጠበው በጣሳ ነው፤ ጣሳዋንም ቢሆን ከአናቴ በላይ የማነሣት ዐይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ የማውቀውን ጸሎት ደግሜ ስጨርስ ነው።

ሙያዬን ስነግራችሁ አትሳቁብኝ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጅጅጋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት ውቅያኖሶችን በጠመኔ ስስል ኖሬአለሁ። ስለ ማዕበል ሳስተምር እጄን እያወዛወዝኩ፣ ድምፄን ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ነው፤ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ተማሪዎች እግራቸውን ከመሬት ሲያነሡ አይቻለሁ። ባሕርን በዐይኔ አይቼው ግን አላውቅም። ማየትም አልፈልግም ነበር። ሥዕሉ ይበቃኛል፤ ሥዕል አያሰጥምም።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ሥሩን ልንገራችሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሰላሌ ውስጥ ከመንደራችን ሥር በሚወርደው ወንዝ ዳር እናቴ ልብስ ስታጥብ እኔ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልኩ እጫወት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ እየሳቅሁ ነው የገባሁት። ታላቅ ወንድሜ በፀጉሬ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉሬን ተላጭቼ አላውቅም፤ ምናልባት እንደገና ያስፈልግ ይሆናል እያልኩ።

ተመርቀን የሥራ ቦታ ዕጣ ስናወጣ ጅጅጋ ሲደርሰኝ ጓደኞቼ አቅፈው አጽናኑኝ። እኔ ካርታውን ዘርግቼ አየሁ። ዓመት ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ሐይቅ የለም። ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ የሚመጣበት፣ በቢጫ ጀሪካን ውስጥ ክዳኑ ተጠርቅሞበት የሚዞርበት ከተማ ነው። እንደ እስረኛ ታጅቦ የሚሄድ ውሃ ማንን ይጎዳል? ከተማዋን ሳላያት ወደድኋት።

ችግሩ የመጣው ከራሴ አፍ ነው። ባለቤቴን ወይንሸትን የተዋወቅኋት እዚሁ ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ መልከ መልካም የመቶ አለቃም በዚያው መዝገብ ቤት አካባቢ ፋይል የጠፋበት ይመስል ይመላለስ ነበር። የመቶ አለቃው የሚያወራው ስለ ምሽግና ስለ ተራራ ነው። እኔ ስለ ደለል አፈር ነበር የማወራው። አንድ ቀን ተስፋ ስቆርጥ «ዓባይን በዋና ተሻግሬአለሁ» አልኋት። «ያውም በክረምት» ብዬ ጨመርኩበት፤ ውሸት ሲጀመር ስስት አያውቅም።

እሷም ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝና «እንግዲያውስ አንድ ቀን ባሕር ታሳየኛለህ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው እሱን ብቻ ነው» አለች። «ምን ችግር አለው» አልኩ። ተጋባን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወይንሸት ወርቅ ግዛልኝ፣ ቀሚስ ግዛልኝ ብላኝ አታውቅም። በየክረምቱ መግቢያ «ዘንድሮስ?» ትለኛለች፤ እኔም «ለከርሞ» እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ጉሌድ እንምጣ። ጉሌድ ገበያው መሐል ጨርቅ ይሸጣል። ልጁን አስተምሬለት ስለነበር ባየኝ ቁጥር «መዓሊን!» ብሎ ይጠራኛል፤ መምህር ማለቱ ነው። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የግመል ወተት የገባበት ሻይ አስቀዳልኝና ሳላስበው ጠየቀኝ፦

«መዓሊን፣ ትምህርት ተዘጋ። የት ትሄዳለህ?»

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው፤ እዚሁ ነኝ።»

«ለምን እዚህ? እህቴ ሳህራ ድንበር ማዶ፣ በርበራ ቪላ አላት። ትልቅ ቤት። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ ባሕሩ እዚህ ነው፣ እዚህ!» አለና ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ላይ በእጁ አሳየኝ። «ክረምት ክረምት ቤቱ ባዶ ነው። ሚስትህን ይዘህ ሂድ። ወር ተቀመጥ። ቤቱ ያንተ ነው።»

«እሺ፣ ደስ ይለናል» አልኩት።

አሁን እዚህ ላይ ፍርዳችሁን ስጡኝ። በእኛ አገር «ቤቴ ቤትህ ነው» ሲባል «እሺ፣ ደስ ይለናል» ይባላል። ከዚያ በኋላ ጋባዡ አይጠብቅም፣ ተጋባዡ አይሄድም፤ ሁለቱም ተከባብረው ይኖራሉ። እኔ በዚህ ሥርዓት ያደግሁ ሰው ነኝ። «አይ፣ አልፈልግም» ብዬ ሰው ፊት እንዳልናገር ይሉኝታ ይይዘኛል። ጉሌድ ግን ቤት ሲሰጥ ቤት ነው የሚሰጠው። እሺ ሲባልም እሺ ነው የሚሰማው። ሻዬን ሳልጨርስ ስልኩን አወጣ፣ በሶማሊኛ ለአሥር ደቂቃ ያህል ጮኸ፣ ሳቀ፣ አንድ ጊዜም ስሜን ጠራ፣ ስልኩንም ዘጋ።

«አለቀ» አለኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ባጃጅ ይዤ ቤቴ እስክደርስ የጉሌድ ሚስት ለወይንሸት ደውላላት ነበር። በሩን ስከፍት ወይንሸት ግቢው መሐል ቆማ እያለቀሰች ጠበቀችኝ። «ልታስደንቀኝ ነበር አይደል?» አለችኝ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ከትከሻዋ በላይ ግድግዳው ጥግ የቆመውን የውሃ በርሜል እያየሁ «አዎ» አልኳት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተለየኝ። ወይንሸት ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ገዛች፤ መነጽሩን እያደረገች ሽንኩርት ትልጣለች። ለእኔም ከጉሌድ ሱቅ የዋና ቁምጣ አመጣችልኝ። ሰማያዊ ነው፤ በላዩ ላይ አፋቸውን የከፈቱ ዓሦች ተሥለውበታል። አልጋችን ትይዩ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ዐይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እነዚያን አፎች ነበር።

ማምለጫ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተጠጋሁት ወደ ሃይማኖት ነው። «ወይኔ፣ ፍልሰታ እኮ ሊገባ ነው» አልኳት፣ ትክዝ ብዬ። «ባሕር ማየት ጾም አያስገድፍም» አለችኝ፤ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ቀጥዬ ተስፋዬን በቢሮክራሲ ላይ ጣልኩ። ድንበር ለመሻገር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀት ደግሞ የራሱ ዕድሜ አለው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ነገ ተመለስ» እንዲሉኝ እየጸለይኩ ወደ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ፎቶ ሆን ብዬ አጉድያለሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ የተቀመጠው ወጣት ብድግ አለ፦ «መዓሊን! አላወቅከኝም? የውቅያኖስ ሞገድ ያስተማርከኝ!» ፎቶዬን ራሱ በስልኩ አነሣኝ፣ ከወረፋው አስቀደመኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ሌላ ጊዜ ሳምንታት የሚፈጀው ጉዳይ አልቆ ስወጣ ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። በሩ ላይ ሆኖ «ባሕሩን ሰላም በልልኝ!» አለኝ። እንባዬ መጣ፤ እሱ የደስታ መስሎታል።

አሁን የቀረኝ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ዋና መልመድ። ጅጅጋ ላይ። በጀሪካን ውሃ።

እኛ ግቢ ጎረቤታችን ሻምበል ደጀኔ ናቸው። ጡረታ ወጥተው እዚሁ ቀርተዋል። በወጣትነቴ ምጽዋ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ ስለሚሉ ምስጢሬን ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። ሻምበል ፂማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና «ዋና ወኔ ነው፤ ውሃው ትርፍ ነው» አሉ። ወይንሸት ሥራ ስትሄድ ግቢ ውስጥ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ አስተኙኝ። እጅና እግሬን ሳንፈራግጥ እሳቸው «ግራ! ቀኝ! ተንፍስ!» ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን የቤት አከራያችን በር ከፍታ ገባች። ትምህርቱን አይታ ሳትናገር ወጣች። ከሰዓት በኋላ ለወይንሸት «ባልሽ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ለምን አልነገርሽኝም?» ብላታለች።

ለትንፋሽ ልምምድ ሳፋ ሞላንና ፊቴን እንድነክር አዘዙኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚመታው። ፊቴ ውሃውን ሲነካ ያ የሰላሌ ወንዝ፣ ያ አረንጓዴ ጨለማ፣ የእናቴ ጩኸት ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ሳፋውን ገለበጥኩት። ውድ የሆነውን የጅጅጋ ውሃ መሬት ጠጣው። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሻምበል ሊያጽናኑኝ ብለው «አይዞህ፣ ሳፋ ውስጥ ሻርክ የለም» አሉኝ። ስለ ሻርክ እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሻርክ፣ ስለሚያቃጥለው ጄሊ ፊሽ፣ እግርን ስለሚስበው ሞገድ በየቀኑ ያወሩልኝ ጀመር። ስለ ሞገዱስ እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኩት።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ጉሌድ እንደገና ሱቁ ጠራኝ።

«መዓሊን፣ ሳህራና እናታችን ከልጆቹ ጋር ጅጅጋ ይመጣሉ። እናንተ ቤት ያርፋሉ።»

«እኛ ቤት?»

«አዎ። እናንተ እነሱ ቤት፣ እነሱ እናንተ ቤት። የኔ ቤት በሚስቴ ዘመዶች ሞልቷል። ጥሩ አይደለም?»

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ሦስተኛ ብሎ ለመቁጠር ወጥ ቤቱን መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ፣ ደስ ይለናል» ነበር።

የበርበራ ሰዎች በክረምት ቤታቸውን ባዶ ጥለው የሚወጡት ለምን እንደሆነ አለመጠየቄን ልብ በሉ። የጂኦግራፊ መምህር! በየዓመቱ «የባሕር ዳርቻው አካባቢ ሞቃታማ ነው» ብዬ ጽፌ አስገልብጣለሁ። ለእኔ ለሰላሌው ልጅ ሞቃታማ ማለት ጋቢ የማያስፈልግበት ቦታ ማለት ነበር። ነገሩ የገባኝ እንግዶቹ ከተባለው ቀን አምስት ቀን ቀድመው ሲመጡ ነው። ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሟል አሉ።

ሳህራ ከመኪናው ወረደች፣ አራት ልጆች ወረዱ፣ ፍራሾች ወረዱ፤ በመጨረሻም እናቲቱ በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ። ሁሉም አየዮ ይሏቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። ያን ቀን የጅጅጋ ንፋስ እንደ ልማዱ አቧራና ካፊያ ቀላቅሎ ያመጣ ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ንፋሱን ጠጡት። አየዮ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ከዚያ በብርድ ተንቀጠቀጡና ወንበር ላይ የነበረውን ጋቢዬን አንሥተው ተከናነቡ። ጋቢዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የእሳቸው ሆነ።

ሳህራ ጅጅጋ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። «እዚያ አሁን ድመት እንኳ ከመኪና ሥር አትወጣም» አለችን እየሳቀች። እኛ በዚያ ሙቀት መሄዳችን ግን አልገረማትም፤ ወንድሟ ለእህቱና ለእናቱ የነገራቸው መምህሩ ዓባይን በዋና የተሻገረ ጀግና መሆኑን ነበር። ጉሌድ ይህን ከማን ሰማ? ከሚስቱ። ሚስቱስ? ከወይንሸት። ባሌ እያለች ስታወራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከተማውን አዳርሳዋለች ማለት ነው።

ለአራት ቀን ስምንት ሰው ሆነን ኖርን። በአምስተኛው ቀን፣ መንገዳችን ለማግሥቱ ተቆርጦ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ወገቤን ያዝኩ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ አቃሰትኩ። ከዚያ ግድግዳ ተደገፍኩ። ጉሌድ መኪናው በጠዋት እንደሚመጣ ሊነግረን መጥቶ ነበር፤ ሻምበልም ሊሰናበቱን ገብተዋል፤ ወይንሸት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሻንጣ ታደራጃለች። የዋና ቁምጣዬን በእጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ወገቤን… እንጃ፣ ሸምቀቅ አደረገኝ። መንገዱን የምችለው አይመስለኝም።»

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። ያን ጊዜ ከባሕሩም ከሻርኩም የበለጠ ያስፈራኝ ያ ፊት ነው።

አየዮ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሳህራ አቀረቀረች።

«ምን ይላሉ?» አለች ወይንሸት።

«አይ፣ እንዲያው… አሮጊት ናቸው እኮ።» አየዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ሳህራ ተነፈሰችና «‹የዚህ ሰውዬ ወገብ ደኅና ነው። ባሕር ይፈራል እንዴ?› ይላሉ» አለች።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ፊት አይጠየቅም። ቢጠየቅ እንኳ ተጠያቂው ይስቃል፣ ሌላው ወሬ ይለውጣል፣ ነገሩ ይሸፈናል። እዚህ ግን ስምንት ጥንድ ዐይን አፌ ላይ ተሰክቶ ነበር። ሊሸፍኑልኝ የሚችሉት ሻምበል ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ለመሳቅ ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

«እፈራለሁ» አልኩ። «በጣም እፈራለሁ። ዋና አልችልም። ዓባይንም አልተሻገርኩም። በመኪና ስሻገር እንኳ ዐይኔን ጨፍኜ ነው።»

መጀመሪያ የተናገረው ጉሌድ ነው። ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር።

«ታዲያ ለምን እሺ አልከኝ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ።»

«ምን ይዞህ?»

«የደጋ በሽታ ነው» አሉ ሻምበል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና የሚያስገርም ነገር ጨመሩ፦ «እውነት እውነት ከሆነ፣ እኔም ምጽዋ የነበርኩት ስንቅ ክፍል ነው። ባሕሩን የማውቀው በመስኮት ነው።»

አየዮ በትዕግሥት የሚተረጎምላቸውን ሰሙ። ከዚያ ከጋቢዬ ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉና በዝግታ መናገር ጀመሩ። ሳህራ ቃል በቃል ትከተላቸው ነበር። «ባሕር የማይፈሩ ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። ከመካከላችን ፈሪዋ እኔ ነበርኩ። ይኸው እኔ አርጅቼ የልጅ ልጅ አቀፍኩ። ስንት ዓመት አጠገቡ ኖሬ ጫማዬን አውልቄ ገብቼበት አላውቅም። ዓባይን በዋና የተሻገረ ሰው ቤታችን ሊገባ ነው ሲሉኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ከእኛ በረንዳ ወጥቶ ሊሞት ነው ብዬ። አሁን እተኛለሁ።»

ፈሪ ለእናቱ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ እንደ ስድብ ነበር የምወስደው። ያን ቀን እንደ ምርቃት ሰማሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወይንሸት ግን ቁምጣዬን በጥንቃቄ አጣጠፈች፣ ሻንጣው ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች።

በማግሥቱ ጠዋት ተነሣን። ከጅጅጋ እስከ ዋጃሌ ድንበር ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ሜዳውን በሙሉ መስኮት መስኮት አየች። እኔ ደግሞ እሷን። ግመሎች አለፉ፣ ላስቲክ የለበሱ ጎጆዎች አለፉ፣ ዝም። መዝገብ ቤት ስትሠራ ያየኋትን ልጅ፣ የመቶ አለቃውን፣ ውሸቴን እያሰብኩ ላብ አጠመቀኝ። ዋጃሌ ደርሰን ወረቀታችን እስኪታይ ከመኪናው ወርደን ቆመን ሳለ ነው አፏን የከፈተችው።

«ወንድምህ ነግሮኝ ነበር።»

«ምኑን?»

«በፀጉርህ ጎትቶ እንዳወጣህ። በሠርጋችን ማግሥት ነገረኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት? ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ለሰው ሁሉ ዓባይን ተሻገረ እያልሽ!»

«ይሉኝታ ይዞኝ» አለች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች፤ ዐይኖቿ ቀልተው ነበር። «አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። በየክረምቱ ‹ዘንድሮስ?› የምልህ ባሕሩን ብዬ ብቻ መሰለህ? እኔ ሚስትህ ሆኜ ሳለሁ ለአሮጊቷ ነገርካቸው።»

«ጠየቁኝ እኮ።»

ትንሽ አሰበች። «እሱስ እውነትህን ነው። እኔ ጠይቄህ አላውቅም» አለችና ክንዴን ያዘች። ወረቀታችን ተመለሰ፤ ተሻገርን።

ስለ በርበራ ሙቀት አላወራችሁም፤ የሚያወራ ምላስ እዚያው ደርቆ ቀርቷል። ቪላው እንደተባለው ትልቅ ነው፤ ነጭ ነው፤ በረንዳም አለው። መንገዱ ላይ ግን ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። ካሪፍ የሚሉት ትኩስ ንፋስ ከየብስ በኩል አሸዋ እያነሣ ይነፍሳል፤ የምድጃ አፍ ላይ የቆምን ነው የመሰለን። የቪላው ዘበኛ ድሬዳዋ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሻንጣችንን አዩ፣ የወይንሸትን ባርኔጣ አዩና በአዘኔታ ጠየቁን፦ «ምን አጥፍታችሁ ነው?»

ሰው ከቤት የሚወጣው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው አሉን። እኛም ጎህ ሲቀድ ወጣን። ከበረንዳው እስከ ውሃው መቶ ርምጃ ይሆናል። ሃምሳውን አቀርቅሬ ተራመድኩ። ከዚያ ቀና ብዬ አየሁት።

ሰሌዳ ላይ ስስለው ወሰን ነበረው፤ ከዳርና ከዳር እንጨት አለ። ይኼኛው የለውም። ንፋሱ ከጀርባችን ስለሚገፋው ዳሩ ላይ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር፤ ግን እየተነፈሰ። አንድ ትልቅ ነገር ሲተነፍስ መስማት በጣም ያስፈራል። ልቤ እንደ ሳፋው ቀን ጆሮዬ ውስጥ ገባ። መመለስ ፈለግሁ። ይህን አልደብቃችሁም፤ አሁን የምደብቀው ነገር የለኝም።

ወይንሸት እጄን ይዛ እስከ ውሃው ዳር አደረሰችኝና ነጠላዋን አወለቀች። አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ሌላውን እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው። «እዚህ ቁም። ስጎትተው ጎትተኝ» አለች። ከዚያ በቀሚሷ፣ በባርኔጣዋ፣ በጥቁር መነጽሯ ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚት። እስከ ጉልበት። ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና እያለቀሰች ነው ብዬ ነጠላውን ሳብኩት። ዞር ስትል እየሳቀች ነበር። «ገና ነኝ! ገና ነኝ እኮ!» ብላ ጮኸች። ነጠላው እንዲደርሳት እኔ ሦስት ርምጃ ወደፊት መሄድ ነበረብኝ። ሄድኩ። ውሃው ጫማዬን ነካው። ነጠላውን ጣቶቼ እስኪነጡ ድረስ ጨብጬው ነበር።

በዚህ መሐል ኪሴ ውስጥ ስልክ ጮኸ። በአንድ እጄ አወጣሁት፤ በቪዲዮ ነው የተደወለው። ሳህራ «እንዴት ናችሁ?» ሳትል ስልኩን ለአየዮ አቀበለቻቸው። አየዮ በእኔ ፍራሽ ላይ፣ በእኔ ጋቢ ውስጥ ናቸው፤ ከኋላቸው የጅጅጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል። ጠጋ ብለው ፊቴን መረመሩት፤ ከዚያ ጫማዬን እንዳሳያቸው በጣታቸው ጠቆሙ። አሳየኋቸው። አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ሳህራ ሳትተረጉምልኝ ገባኝ።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ጋቢዬንም ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉት።